«ቀዶ ሕክምናው ሲሠራለት ሁሉም ያልፋል አይደል?»፦ ከኮምቦልቻ ለተጠየቀ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 29 ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት እሠራለሁ። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ደሴ ከወለደች ስድስት ሳምንት ሆናት። አሁንም እናቷ ቤት ናት። ልጁ የላይኛው ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ ነው የተወለደው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚስቴ የማውቃት ሴት አይደለችም። ጠያቂ ሲመጣ ፊቱን በነጠላ ሸፍና ‹ተኝቷል› ትላለች። ሌሊት ታለቅሳለች። ባለፈው ‹ሁለታችንም ብንሞት ለሁሉም ይቀል ነበር› አለችኝ። እናቴ በሰባት ወሯ በቀትር ቦርከና ወንዝ ወርዳ ልብስ ስታጥብ ለክፏት ነው ትላለች። የሷ እናት ደግሞ አምሮቷን ስለነፈጋችኋት ነው ይላሉ። ግማሹ ዱዓ ይደረግ ይላል፣ ግማሹ ጠበል። እኔም ጫት እቅማለሁና ከኔ ይሆን እያልኩ እብሰለሰላለሁ። እውነቱን ለመናገር ልጁን ትክ ብዬ ማየት ይከብደኛል። ኦቨርታይም እየያዝኩ ደሴ የምወጣው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። አቂቃውንም (የስም ማውጫ ድግሱን) ከንፈሩ እስኪሠራ ብለን አቆይተነዋል። ቀዶ ሕክምናው ሲሠራለት ሁሉም ያልፋል አይደል? ወይስ ሚስቴ ታማለች? ለወደፊቱስ ሌላ ልጅ ብንወልድ እንዲሁ ይሆናል?»

ምላሽ፦

በመሐል ጣል አድርገህ ያለፍካት አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሁሉም ትቀድማለች። «ሁለታችንም ብንሞት ለሁሉም ይቀል ነበር» የሚል ሰው ምርር ብሎት ብቻ ሊሆን ይችላል። የምሩንም ሊሆን ይችላል። በግምት አይለይም። ስለዚህ እሁድን አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ደሴ ውጣ። ሰው በሌለበት ረጋ ብለህ በግልጽ ጠይቃት፦ «ራስሽን ወይ ልጁን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብዙ ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባባታል ብሎ ይፈራል። አያስገባባትም። አዎ ካለችህ፣ ወይም መልስ አጥታ ዝም ካለች፣ ለአፍታም ብቻዋን አትተዋት። መድኃኒትና መርዝ ነገር ከአጠገቧ አንሣ። በዚያው ቀን ከልጁ ጋር ሐኪም ዘንድ ይዘሃት ሂድ። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የሌለ ድምፅ የምትሰማ፣ ነገሯ የተዘበራረቀ ወይም እንቅልፍ ጨርሶ የጠፋባት ከሆነ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

ታማለች ወይ ላልከው፣ በደብዳቤ ሰው አይመረመርም። የምነግርህ መለያውን ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ሆድ መባባትና ያለ ምክንያት ማልቀስ በብዙ እናቶች ላይ ይታያል። ቢበዛ በሁለት ሳምንት ይለቃል። ባለቤትህ ስድስት ሳምንት ሆኗታል። ልጁ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ምግብ ካስጠላት፣ ደስ ይላት የነበረው ነገር ሁሉ ከደበዘዘባት፣ «እናት ለመሆን አልበቃም» ማለት ካበዛች፣ ይህ የወሊድ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ድባቴ ሕመም ነው። የእምነት ማነስ አይደለም፣ ልጅን አለመውደድም አይደለም። በምክር ይታከማል። ካስፈለገም ጡት እያጠቡ ሊወሰዱ የሚችሉ መድኃኒቶች አሉ። ሐኪሙ እንደምታጠባ ይወቅ እንጂ ጡት ለማስጣል አትቸኩሉ።

ግን የምታየው ሁሉ ሕመም ነው ብዬ ላስደነግጥህ አልፈልግም። ከፊሉ ሐዘን ነው። ወላጅ ገና በእርግዝናው አንድ ልጅ በሐሳቡ ወልዶ ይጨርሳል። መልኩን ይስለዋል፣ ማንን እንደሚመስል ይከራከራል። ያ ልጅ ሳይመጣ ሌላ ልጅ ሲመጣ ልብ ለቀረው ያዝናል። ድንጋጤው፣ ንዴቱ፣ ፍርሃቱ፣ ሐፍረቱ ተራ ጠብቆ አይመጣም። ጠዋት በፍቅር ስታየው ውላ ማታ ልታፍርበት ትችላለች። ከዚያ «ምን ዓይነት እናት ነኝ» ብላ ራሷን ትቀጣለች። ሁለቱ ስሜቶች አብረው ይኖራሉ፣ አንዱ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም። ችግሩ፣ እኛ አገር ለሞተ ሰው ድንኳን ይጣላል፣ እድር ይወጣል፣ ጎረቤት ይቀመጥልሃል። ለዚህ ሐዘን ግን ቦታ የለውም። ገንፎ ቀርቦ፣ እልል ተብሎ፣ ደስ ይበልሽ ነው የምትባለው። «ተመስገን በይ፣ ከዚህ የባሰም አለ» የሚሏት ሰዎች ክፉ አይደሉም። እኔ ግን ይህን አባባል አልወደውም፣ የምትናገረውን አፏ ላይ ያስቀረዋል። «አብሽሪ» ብሎ አጠገቧ ቁጭ የሚል፣ ከዚያም ልጁን ተቀብሎ የሚያቅፍ አንድ ሰው ይበልጣል።

አሁን ወደ ቦርከናው ልምጣ። የሕፃን ፊት ከግራና ከቀኝ እያደገ መጥቶ መሐል ላይ ይገጥማል። ከንፈር የሚሠራው በእርግዝና ከ4ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ላንቃ ደግሞ ከ6ኛው እስከ 9ኛው። ብዙ ሴት በዚያ ሰዓት ማርገዟን ገና እያጣራች ነው። ባለቤትህ በሰባት ወሯ ወንዝ ስትወርድ የልጃችሁ ከንፈር ተሠርቶ ካለቀ ወራት አልፎታል። ቀትሩም ሆነ አምሮቱ ሊደርስበት አይችልም። ይህን ለእናትህ ራስህ ንገራት። ሚስትህ ለአማቷ ማስረዳት የለባትም። የተቀደደ ነገርም የለም። ሳይገጥም ቀረ እንጂ ቁስል አይደለም፣ ልጁን አያመውም። ብዙ እናቶች «ሲያለቅስ ያመዋል መሰለኝ» ብለው ይሰቃያሉ፣ የሚነግራቸው ጠፍቶ።

መነሻው በአብዛኛው አንድ ነገር አይደለም። ከወላጆች የሚወረሱ ትንንሽ ዝንባሌዎች እና በእርግዝናው መጀመሪያ ያሉ ሁኔታዎች ተደማምረው ነው። ሲጋራ፣ አልኮል፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ እንደ ፌኒቶይንና ቫልፕሮዌት ያሉ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ዕድሉን ከፍ ያደርጋሉ። ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር የሚወለዱ ልጆች ግን ሞልተዋል። በዓለም ላይ በግምት ከ700 ሕፃናት አንዱ እንዲህ ይወለዳል። «በእኛ ዘር የለም» እየተባለ በሁለት ቤተሰብ መካከል የሚደረገው ሙግት ትርጉም የለውም፤ ከሁለቱም ወገን አንድም ሰው ሳይኖረው የሚወለደው ይበዛልና። ጫቱን በተመለከተ፣ አባት ስለቃመ ልጅ ከንፈሩ ሳይገጥም ይወለዳል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ይህን የምልህ ግን ቃም ለማለት አይደለም። አንተ ምርቃና ላይ የምትቆይበት ሰዓት ሚስትህ ልጅ ለመመገብ ብቻዋን የምትታገልበት ሰዓት ነው።

ስለ መመገብ ምንም አልጻፍክም። ያልጻፍከው ስለማታየው ይመስለኛል። ላንቃው ያልገጠመ ሕፃን ጡት ይይዛል፣ ግን መምጠጥ አይችልም። አየሩ በአፍንጫው ያመልጣል። አንድ ሰዓት ጡት ላይ ውሎ ተርቦ ይነሣል። የጠጣው በአፍንጫው ሲመለስ እናት የሞተባት ይመስላታል። ስድስት ሳምንት፣ በቀን ስምንትና አሥር ጊዜ፣ ልጇ ከጡቷ ፊቱን ሲያዞር ያየች ሴት «ጠላኝ» ብትል አይፈረድባትም። ከልቅሶዋ ስንቱ የከንፈሩ፣ ስንቱ የዚህ እንደሆነ አላውቅም። የዚህኛው ግን መላ አለው።

ወተቷን ንጹሕ ዕቃ ላይ ትለበው። በፈላ ውሃ የተቀቀለ የቡና ሲኒ ይበቃል። ልጁን ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፣ አንድ እጇ አንገቱንና ጭንቅላቱን ይደግፋል። የሲኒውን ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፋ ወተቱ እስኪነካው ድረስ ብቻ ታዘነብላለች። አትገለብጥም። ራሱ በምላሱ ይልሰዋል፣ ያርፋል፣ ይልሳል። በየመሐሉ ታስገሳዋለች። በአፍንጫው ቢወጣ ቆም ብላ መጥረግ ነው፣ ቀጥ ብሎ እስከተቀመጠ ድረስ አያስደነግጥም። ከግማሽ ሰዓት በላይ አትታገለው፣ ከጠጣው በላይ ጉልበት ይጨርሳል። በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ ይመዘን። በዚህ ዕድሜ በሳምንት 150 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መጨመር አለበት። ካልጨመረ፣ ከተኮሰው፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም መጥባት ካቆመ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ቀን አትቁጠሩ። እና ልብ በል፣ ጡት ማጥባት የማትችለው አንተ ሲኒ መያዝ ትችላለህ። ላንቃው ሳይገጥም ከተወለደ ልጅ አባት የምጠብቀው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ነጠላውን እንይ። እኛ ጋ ሕፃን ፊቱ መሸፈኑ ለማንም አይገርምም፣ የሰው ዓይን እንዳይገባው ተብሎ ሁሉም ይሸፈናል። ለዚህ ነው የሚስትህን መደበቅ ማንም ልብ ያላለው። ለእንግዳ ብትሸፍነው ግድ የለም፣ ጊዜ ስጣት። እኔን የሚያሳስበኝ ማንም በሌለበት ስትመግበውና ስታቅፈውም የምትሸፍነው ከሆነ ነው። በዚህ ዕድሜ ሕፃን የሰው ፊት አተኩሮ ማየት ይጀምራል፣ እናት ደግሞ ልጇን የምትለምደው መልሳ ስታየው ነው። ቤት ውስጥ ፊቱ ይገለጥ። ከአንተ ይጀምር። ትክ ብለህ ለማየት የከበደህ እንግዳ ስለሆነብህ ነው፣ እንግዳ የሆነብህ ደግሞ በሳምንት አንዴ ስለምታየው። በየቀኑ ሲኒ ይዘህ ፊት ለፊቱ ብትቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከንፈሩ ሳይሆን ዓይኑ ይታይሃል። አባቶች ሲሉ የምሰማው ነው።

ስለ አንተ ትንሽ ልጨምር፣ ቅር ባይልህ። ኦቨርታይም መያዝ ለልጅህ ገንዘብ ማጠራቀም ይመስላል፣ ከፊሉም እውነት ነው። ወንድ ልጅ ሐዘኑን በሥራ ይሸፍናል፣ ሴት በነጠላ። ሚስትህ ግን ኦቨርታይሙን የምታነበው «እኔን ተጠያቂ አድርጎ ሸሸኝ» ብላ ነው። «ከኔ ይሆን» እያልክ የምትብሰለሰለውን እሷ አታውቅም። ንገራት። ሁለታችሁም በየፊናችሁ ራሳችሁን እየከሰሳችሁ፣ አንዳችሁ ሌላውን የሚከስ እየመሰላችሁ ነው። ብስጭትህ ከበዛ፣ እንቅልፍ ከራቀህ፣ መጠጥና ጫት ከጨመርክ አንተም መታየት አለብህ። አባትም ይደበታል።

እና ቀዶ ሕክምናው ሲሠራለት ሁሉም ያልፋል ወይ? አያልፍም። ብዙ ነገር ይቀላል፣ ግን አያልፍም። ከንፈሩ ሦስት ወር ገደማ ከሞላው በኋላ ሊሠራ ይችላል። የቆየው መመዘኛ ዕድሜ ከ10 ሳምንት፣ ክብደት ከ4.5 ኪሎ፣ የደም መጠን (ሄሞግሎቢን) ከ10 እንዳያንስ ነው። ለዚያም ነው ሲኒው ላይ የዘገየሁት፣ ያልወፈረ ልጅ ቀጠሮው ይገፋል። ላንቃው ደግሞ በአብዛኛው ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይሠራል፣ አፉን ሳይፈታ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ የንግግር ሥልጠና፣ በየጊዜው የጆሮ ምርመራ፣ በኋላም የጥርስና የድድ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ዓመታት የሚወስድ መንገድ ነው። «እስኪሠራ» ብሎ ኑሮን ማቆም የማያዋጣው ለዚህ ነው። በየቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ፍርሃቱ እንደ አዲስ ይመጣል፣ ትምህርት ቤት ሲገባም እንዲሁ። ያኔ «አልፎልን አልነበር እንዴ» ብላችሁ አትደናገጡ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ብዙ ሰው አያምነኝም። ከንፈሩ ከተሰፋ በኋላ የመጀመሪያውን ፊት የሚናፍቁ እናቶች አሉ። ለምደውት፣ ወደውት፣ ሰፊ ፈገግታውን አውቀውት ሳለ ሌላ ፊት ይዞ ከኦፕሬሽን ክፍል ይወጣል። ስለዚህ አሁኑኑ ፎቶ አንሡት። አንድም ፎቶ ከሌለው ልጁም ሲያድግ «ለምን» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ወጪው አያስጨንቃችሁ። እንደ ስማይል ትሬን ያሉ ድርጅቶች በሚደግፏቸው ሆስፒታሎች ሕክምናው በነፃ ይሰጣል። አዲስ አበባ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ሥራ ይታወቃል። ፕሮጀክት ሐረር የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅትም ከሩቅ የሚመጡ ታካሚዎችን ያግዛል። መጀመሪያ ግን ደሴ ሆስፒታል ልጁ ይታይ። እዚያው የሚሠራ ሐኪም ወይም የሚመጣ ቡድን ካለ ይነግሯችኋል፣ ካልሆነ ሪፈር ይጻፍላችኋል። ልቡና ሌላው አካሉም በዚያው ይመርመር፣ አንዳንዴ ሌላ ነገር አብሮ ሊኖር ይችላል።

ዱዓውም ጠበሉም ከሕክምናው ጋር አይጣሉም። ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ተቀምጦ የሚያጽናና ሰው ማግኘት ለሚስትህ ይጠቅማት ይሆናል። ድንበሩ ልጁ አፍ ላይ ነው። በጀርባው አስተኝቶ ጠበልም፣ የአብሽ ውሃም፣ ቅቤም ማንቆርቆር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ለማንኛውም ሕፃን አይሆንም፣ ለእሱ ደግሞ ይብሳል። «የማይጠባው እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ የሚመጣ ሰውም አይጠፋም። እንጥሉን ማንም እንዳይነካው። በዚህ ላይ የአያት ይሉኝታ የለም፣ አንተ ቁም።

የኔ ምክር ይኸው ነው። ዛሬ ውጣና ጠይቃት፣ በዚህ ሳምንት እሷም ልጁም ሐኪም ይያቸው። ኦቨርታይሙን ተው። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፣ ከሺፍት በኋላ እየወጣህ እደር። ካልቻልክ እሷንና ልጁን ይዘህ ኮምቦልቻ ውረድ፣ እናቷ አብረው ቢመጡ ደግሞ የተሻለ። ከሌሊቱ ምግብ አንዱ ያንተ ይሁንና እሷ ትተኛ። አቂቃውን አታቆዩት። ስም ወጥቶለት፣ ዘመድ በልቶ መርቆት ያደገ ልጅ ይሁን። ለጠያቂ የምትሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር ተስማሙበት፣ በር ላይም የምትለው አንተ ሁን፦ «ከንፈሩ ሳይገጥም ነው የተወለደው፣ በቅርቡ ይሠራለታል፣ ግቡና እዩት።» ሰው የሚንሾካሾከው የሚደበቅ ነገር ሲያይ ነው። ከተነገረው በኋላ የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፦ ያመዋል ወይ፣ መቼ ይሠራለታል። መልሱን አሁን ታውቃለህ።

ሌላ ልጅን በተመለከተ፣ ከሁለታችሁ ቤተሰብ ሌላ ሰው ከሌለ የሚቀጥለው ልጅ እንዲሁ የመሆን ዕድሉ ከ100 ከ2 እስከ 5 ገደማ ነው። አብዛኛው ዕድል ጤነኛ የመሆን ነው። ቢሆንም ለአሁኑ አትቸኩሉ። ቢያንስ ሁለት ዓመት አራርቁ፣ ከወሊድ በኋላ ስላለው የእርግዝና መከላከያ በዚሁ ሳምንት ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ጠይቁ። ለማርገዝ ስታስቡ ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ከእርግዝናው አንድ ወር ቀደም ብላ ትጀምር። ከንፈርን ሙሉ በሙሉ ይከላከላል ማለት አይደለም፣ ለሕፃኑ ጀርባና አንጎል አሠራር ግን የተረጋገጠ ጥቅም አለው። ማርገዟ ከታወቀ በኋላ ሁለት ወር ሞልቶ ቢጀመር ግን የከንፈሩ ጊዜ አልፏል።